እህሉን ማን ፈጨው?

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን ትንሽ ገንዘብ ነበር። ከጎልማሶች ትምህርት በጀት የተረፈ ነው፤ ለጋሾቻችንም ለዚያው ለትምህርቱ በሚጠቅም ነገር ላይ አውሉት ብለው ፈቅደውልን ነበር። ግማሾቹ አባላት ወንበር እንግዛበት አሉ። ወንበር በሥራ ቀን ተማሪ ይቀመጥበታል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ለሠርግና ለለቅሶ ይከራያል። የቀሩት መጽሐፍ ይገዛበት አሉ። እውነቱን እንናገር ካልን እኛ የሒሳብ ክፍሎቹ ከወንበሩ ወገን ነበርን። ወንበር በንብረት መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ የእርጅና ተቀናሹ ይታወቃል፣ የኪራይ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። የመጽሐፍን ጥቅም በየትኛው ዓምድ እንጻፈው? እጅ ሲቆጠር ተሸነፍን። ጉባኤው ቀልድ ያውቃልና፣ መጻሕፍቱን መርጠን እንድንገዛ የላከው ደግሞ እኛኑ ነው።

ይህ ጽሑፍ «ምን ገዛችሁ? ምንስ አነበባችሁ?» ለሚሉን ሁሉ መልስ ነው። ደረሰኙ እንደሆነ ቢሮ አለ።

የምናነበው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡና እየተፈላ ነው። ማንበብ የምትችል ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሌሎቻችን እንሰማለን። መጀመሪያ ያነሳነው የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴን «ታሪክ ዘመን ዘዳግማዊ ምኒልክ» ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝ የአፄ ምኒልክ ታሪክ ጸሐፊ ነበሩ፤ መጽሐፋቸው በአማርኛ አዲስ አበባ ውስጥ የታተመው በ1959 ዓ.ም. ነው። አማርኛው የጥንት ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ያንገራግጫል፤ ጆሮ ሲለምደው ግን ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1887 የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ጣይቱ ያሰናዱት ግብር የተጻፈበት ቦታ ላይ ስንደርስ አንባቢያችን ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ሥጋው፣ ጠጁ፣ የወጡ ዓይነት፣ የእንጀራው ብዛት፣ ለቀናት ሲበላ የቆየው ሕዝብ፤ ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ሰማን።

በዚህ መካከል ከጎልማሶች ትምህርት ክፍል የመጡ አንዲት እናት ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ይህን ሁሉ እህል ማን ፈጨው?» አሉ።

ሳቅን። ቀጥለን ግን ዝም አልን። እሳቸው በልጅነታቸው የሞተር ወፍጮ በሌለበት አገር ያደጉ ናቸው። ዶሮ ሳይጮኽ ተነስተው በመጅ ሲፈጩ ጎሕ እንደሚቀድ፣ ለአንድ ቤተሰብ የአንድ ቀን እንጀራ ምን ያህል ወገብ እንደሚፈጅ ነገሩን። አንዷ አባላችን ጣቷን እያጠፈች ማስላት ጀመረች፤ ለዚያ ሁሉ ሰው ስንት ሴት፣ ስንት ሌሊት? ሒሳቡን አልጨረሰችውም። መጽሐፉ የሰጠን ያለቀውን ማዕድ ነው፤ የሠራተኞቹን መቁጠሪያ አልሰጠንም።

ከዚያ ወዲህ የእኚህ እናት ጥያቄ የንባባችን መለኪያ ሆነ። በየመጽሐፉ «እህሉን ማን ፈጨው?» እንላለን። አንዳንዱ መጽሐፍ ይመልሳል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል። ዝም የሚለውንም አንጥለውም፤ የታሪክ ደራሲ ያልጻፈውን መፈለግ ደረሰኝ የሌለውን ወጪ እንደመፈለግ ነው። ሥራችን ስለሆነ ለምደነዋል።

ያንኑ የእንጦጦ ግብር ያነሳ ሌላ መጽሐፍም አግኝተናል። ጄምስ ማካን የተባሉ አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2009 «ስተሪንግ ዘ ፖት» በሚል ስም የአፍሪካን የምግብ ታሪክ ጽፈዋል። በእሳቸው አስተያየት ያ ግብር ድግስ ብቻ አልነበረም፤ ከየአገሩ የመጣውን አበላል በአንድ አዲስ ከተማ ማዕድ ላይ የሰበሰበ የመንግሥት ሥራም ነበር። ወጥ ቤትን እንደ ጦር ሜዳ የታሪክ ቦታ አድርገው ማየታቸውን ወደድነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ከልጆቻችን አንዷ እያነበበች በአማርኛ ትነግረናለች። ስለ በርበሬ ጉዞ የሚለውን ክፍል ሁለት ጊዜ አስነግረናታል። ዛሬ ያለ እሱ ወጥ የማናስበው በርበሬ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ተክል መሆኑን ስንሰማ፣ በርበሬ አዘጋጅተው የሚሸጡት አባሎቻችን በጭራሽ አላመኑም።

ስለ እቴጌ ጣይቱ ራሳቸው ማወቅ የሚፈልግ የክሪስ ፕራውቲን መጽሐፍ ያንብብ። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ነው፤ እቴጌይቱንና አፄ ምኒልክን እኩል ያስኬዳቸዋል። አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃ አጠገብ መቆርቆራቸውን፣ በ1888 ዓ.ም. በመቀሌው ከበባ የጠላት ምሽግ ውሃ እንዲያዝ መምከራቸውን፣ በ1900 ዓ.ም. ሆቴል መክፈታቸውን ሁላችንም በጨረፍታ እንሰማለን። በዓድዋ ዕለት በሰፈሩ ያሉትን ሴቶች ሰብስበው ለተዋጊው ውሃ ማስቀዳታቸውን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? እንስራ ያዘሉት እነዚያ ሴቶች ስም የላቸውም። የጦሩ አለቆች ስም ከነማዕረጉ አለ። ይህን የምንለው ጀግኖቻችንን ለማሳነስ አይደለም፤ መዝገቡ አንድ ገጽ ስለጎደለው ነው።

«ዝክረ ነገር»ን የገዛነው እኛ ነን፤ አባላቱ አልጠየቁንም። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል አዘጋጅተው በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚነበብ አይደለም፤ እንደ መዝገብ እየገለጡ የሚፈልጉበት ነው። የግብር ዓይነት፣ የመሬት ሥሪት፣ የቤተ መንግሥት አደረጃጀት፣ የአገልጋዩ ተራ፣ ሁሉም በየፈርጁ ሰፍሯል። ለሒሳብ ሰው ማር ነው። ሌላው ሰው ቢሰለቸው አንፈርድበትም። እኛን ያቆመን የማድቤት መሬት የሚባለው ነው፤ ባለመሬቱ ለቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት የሚገብርበት መሬት። ስለዚህ ያ እህል ከየት እንደመጣ መልስ አገኘን ማለት ነው። ከመሬት እስከ ጎተራ ያለው መንገድ ተጽፏል። ከጎተራ እስከ ሞሰብ ያለው መንገድ ግን የሴቶቹ መንገድ ነው፤ የእሱን ዝርዝር ገና እየፈለግን ነን።

በዚያው በ1942 ዓ.ም. አንዲት ሴት «የልቤ መጽሐፍ» የተባለ መጽሐፍ አሳትማለች። ወይዘሮ ሥንዱ ገብሩ ናቸው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ አውሮፓ የተማሩ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጎሬ ድረስ ሄደው ከጥቁር አንበሶች ጋር የተሰለፉ፣ ተማርከው በኢጣሊያ አዚናራ ደሴት የታሰሩ፣ ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1957 ሕዝብ መርጧቸው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። መጽሐፋቸው ግጥምና ቴአትር ስለሆነ ከታሪክ ንባባችን ወጣ ያለ ቢመስልም፣ በሣጥኑ ውስጥ ከ«ዝክረ ነገር» አጠገብ እንዲቀመጥ ፈልገናል። አንዱ የአገሩን ሥርዓት ሲመዘግብ፣ በዚያው ዓመት አንዲት ሴት የራሷን ልብ ጻፈች።

አሁን ወደ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን። በአካውንቲንግ ዲፕሎማችን ጊዜ ስለ ውጭ አገር የኢኮኖሚ ሊቃውንት ተምረን ተፈትነናል። ስለ እሳቸው የነገረን አንድም አስተማሪ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1886 በዓድዋ አካባቢ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ከምጽዋ ወደብ በመርከብ አውሮፓ ደረሱ፣ በጀርመንኛ ቋንቋ አገር ተማሩ፣ ተመልሰው አገራቸውን አገለገሉ፣ በመጨረሻም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። በ1911 ዓ.ም. ሲሞቱ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ፤ ከእኛ ዕድሜ አይበልጡም። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው ሥራቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። የራሳቸውን መጽሐፍ በእጃቸው ሳይዙት ቀሩ።

ሐሳባቸው ሲቀልል እንዲህ ነው። ሀብት የሚገኘው ከሥራ ነው። ሥራ ግን ዕውቀት ካልመራው ድካሙ ብዙ፣ ፍሬው ጥቂት ይሆናል። ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲገበያዩ፣ ያላወቀው የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የሌላውን የጥቂት ሰዓት ሥራ ይገዛል። ገበያው ነፃ ቢመስልም ድሃው እየደኸየ ይሄዳል። ቡናና ቆዳ ልኮ ጨርቅና ጠመንጃ የሚያመጣ አገር በዚህ መንገድ ይራቆታል። የጉምሩክ በር ላይ ቆመው የሚወጣውንና የሚገባውን ያዩ ሰው የጻፉት ስለሆነ ሚዛኑ እውነተኛ ነው።

ይህን ስናነብ አንዲት በርበሬ ሻጭ አባላችን «ታዲያ ይህ የእኛ ነገር አይደለም እንዴ?» አለች። ማኅበሩ ማዘጋጃውን ሳይጀምር ዛላውን በኩንታል ለነጋዴ ታስረክብ ነበር፤ ያንኑ በርበሬ ተፈጭቶና ታሽጎ በሱቅ ስታየው ዋጋውን አታምነውም ነበር። የመቶ ዓመት መጽሐፍ የትላንት ገበያዋን ነገራት።

«አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው አጭሩ ሥራቸውም አብሮ ይነበብ። እዚያ ላይ መንግሥት ሊያሻሽላቸው ይገባል ካሏቸው ነገሮች አንዱ የመንግሥት ገንዘብና የንጉሡ የራሱ ገንዘብ ተለይቶ እንዲያዝ ነው። እኛ ይህን ስናነብ በሳቅ ፈረስን። ማኅበራችን በተቋቋመ ጊዜ የማኅበሩ ገንዘብ በሰብሳቢያችን መቀነት ውስጥ ይቀመጥ እንደነበር የሚያስታውሱ ያስታውሳሉ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ባንክ እስክንከፍት ድረስ ግን የሁላችንም እንቅልፍ የተሟላ አልነበረም።

አንድ ቅሬታ አለን። ሀብት ከሥራ የሚመጣ ከሆነ የፈጪዋ ሥራ የት ተቆጠረ? ይህን ለነጋድራስ ብቻ አናነሳም። ዛሬም ቢሆን ቤት ውስጥ ያለ ክፍያ የሚሠራው ማብሰል፣ ማጽዳትና ልጅ ማሳደግ በአገር ጠቅላላ ምርት ስሌት ውስጥ አይገባም። ስንማር ይህን ደንብ ብለን ጻፍነው፣ ፈተና ላይም መለስነው፤ ለምን ብለን አልጠየቅንም ነበር።

ለጥያቄያችን ቀረብ ያለ መልስ ያገኘነው ከሁሉም በዕድሜ ከሚበልጠው መጽሐፍ ነው። «ገድለ ወለተ ጴጥሮስ» እ.ኤ.አ. በ1672 ገላውዴዎስ በተባለ መነኩሴ በግእዝ ተጻፈ፤ በ2015 ደግሞ ዌንዲ ቤልቸርና ማይክል ክላይነር ወደ እንግሊዝኛ መልሰው ከብዙ ማብራሪያ ጋር አሳትመውታል። እናታችን ወለተ ጴጥሮስ (እ.ኤ.አ. 1592–1642) የትልቅ ሰው ልጅ፣ የአፄ ሱስንዮስ ባለሟል የመልክዐ ክርስቶስ ሚስት ነበሩ። ንጉሡ የኢየሱሳውያንን የካቶሊክ ሃይማኖት ሲቀበል ባላቸውንና የወይዘሮነት ኑሯቸውን ትተው መነኑ። ተከሰሱ፣ ተጋዙ፣ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሡ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ካወጀ በኋላም በጣና ሐይቅ ዙሪያ ማኅበረሰባቸውን መምራት ቀጠሉ። በሕይወታቸው ሰባት ማኅበር መሥርተዋል፤ ወንዶችም ሴቶችም የሚኖሩበት።

ገድል ነውና ተአምራቱ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱ አንባቢ በሃይማኖቱ ያንብበው። ከእኛ መካከል ሙስሊም እህቶቻችን ነበሩ፣ እነሱም በጉጉት ነው የሰሙት። እኛን የሳበን የየዕለቱ ኑሮ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ወይዘሮዋ እንደ ገረድ ሲሠሩ እናገኛቸዋለን፤ መፍጨቱም፣ እንጨቱም፣ ውሃውም አለ። ጓደኛቸው እኅተ ክርስቶስ በስማቸው አሉ። የማኅበሩ ቀለብ፣ በሽታው፣ ኩርፊያው ሁሉ አለ። ይህ ሁሉ እንዴት ተጻፈ ቢባል፣ እናታችን ካረፉ ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ ያወቋቸው ሰዎች በሕይወት ነበሩ፤ ማኅበሩም እንዳይረሳ ፈለገ። ጸሐፊው ከእነሱ አፍ እየሰማ ጻፈ። አስቡት፣ ሠላሳ ዓመት ሌላ ቢጨመር ማን ይነግረው ነበር?

ከአዲሶቹ መጻሕፍት ሁሉ የወደድነው የአይዳ እደማርያም «ዘ ዋይፍስ ቴል» ነው። ትርጉሙ የሚስት ትረካ እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሞ በተከታዩ ዓመት በእንግሊዝ አገር የኦንዳጄ ሽልማትን አግኝቷል። ደራሲዋ የአያቷን የእመት የተመኙን ሕይወት ነው የጻፈችው፤ ጎንደር ተወልደው፣ አሥር ዓመት ሳይሞላቸው በሃያ ዓመት ለሚበልጧቸው ካህን ተድረው፣ ወረራውን፣ የንጉሡን ዘመን፣ አብዮቱንም አይተው፣ ባላቸው ሲታሰሩ ለአቤቱታ አዲስ አበባ ድረስ የሄዱ ሴት ናቸው። ቤተ መንግሥቱም ጦርነቱም በመጽሐፉ ውስጥ አሉ፤ የሚታዩት ግን ከወጥ ቤቱ በር ሆኖ ነው። ጠላው ሲጠመቅ፣ ልጅ ሲወለድና ሲሞት፣ እንግዳ ሲመጣ። እኚያ ጥያቄ ያነሱት እናት ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ሳያቋርጡ ሰምተው «እቺ ጠይቃ ጻፈች» አሉ። ከእሳቸው የወጣ ትልቅ ምስጋና ነው። መጽሐፉ ወደ አማርኛ ቢመለስ ምኞታችን ነው፤ ከደጋፊዎቻችን መካከል አቅሙ ያለው ቢኖር ነገሩን እናነሳዋለን።

የሕይወት ተፈራን «ማማ በሰማይ» ለብቻዋ ማንበብ ለምትፈልግ እናውሳለን፤ በቡድን ለማንበብ ከበደን። ደራሲዋ በኢሕአፓ ውስጥ የነበረችና በደርግ ዘመን ስምንት ዓመት የታሰረች ናት። ከመካከላችን በዚያ ዘመን ወንድምና እህት ያጡ አሉ፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ቡናው ሳይጠጣ ቀረ። የባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ በአማርኛም ስላለ፣ ዘመንና ስም ሲምታታብን የምናመሳክረው በእሱ ነው።

ይህን ሁሉ ስናነብ በመካከሉ የደረሰብንን ነገር ሳንጽፍ አናልፍም። ጥፋቱ የእኛ ነውና።

አንዲት ነባር አባላችን አረፉ። ልጃቸው የእናቷን ቁጠባ ለመረከብ መጣች። በኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሒሳብ ትክክል ነበር፤ ከኮምፒውተሩ በፊት የነበሩት ደብተሮች ግን ቢሮ ስንቀይር ጣሪያው በሚያፈስ ክፍል ተቀምጠው ክረምቱን ሙሉ ረጥበዋል። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ተጣብቀው ሲላቀቁ ተቀደዱ። ገንዘቡን በሦስት ነባር አባላት ምስክርነት አስልተን ከፈልን፤ ልጅቷም በገንዘቡ አልተከራከረችም። የፈለገችው ሌላ ነገር ነበር። «እናቴ መጀመሪያ በአውራ ጣቷ ነበር የምትፈርመው። ትምህርት ከጀመረች በኋላ ስሟን ጽፋ የፈረመችበትን ቀን ብታሳዩኝ» አለችን። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈለግን። የጣት አሻራው ያለበት ገጽ ተገኘ። ከሦስት ዓመት በኋላ በተጣመመ ፊደል ስማቸው የተጻፈበት ገጽም ተገኘ። በመካከል ያሉት፣ የመጀመሪያው ፊርማ ያለባቸው ገጾች ግን የሉም።

ልጅቷ የተገኙትን ሁለቱን ገጾች በስልኳ ፎቶ አንስታ ሄደች።

እኛ «የመጽሐፍን ጥቅም በየትኛው ዓምድ እንጻፈው?» ብለን የተከራከርን ሰዎች ነን። ያን ቀን ማታ የቀሩትን ደብተሮች አንድ በአንድ በጨርቅ ጠርገን፣ በፀሐይ አድርቀን፣ ከእነ ገብረ ሕይወትና ከእነ ወለተ ጴጥሮስ ጋር በዚያው የመጻሕፍት ሣጥን ውስጥ አስቀመጥናቸው። በንብረት መዝገቡም ላይ አስፍረናቸዋል። በዋጋው ዓምድ ምን እንደምንጽፍ ግን ኦዲተራችን እስኪመጡ እየጠበቅን ነው።

የማውሻ ደንባችን ቀላል ነው። አንድ መጽሐፍ ለሦስት ሳምንት፣ በፊርማ። «ዝክረ ነገር» ከቢሮ አይወጣም፣ ከባድም ነው። ማንበብ የማትችል አባል ቅዳሜ መጥታ ትስማ። በእጃችሁ የቀድሞው ዘመን የቁጠባ ደብተር፣ የዕጣ ወረቀት፣ የስብሰባ ፎቶግራፍ ያላችሁ ደግሞ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ወደ ቢሮ አምጡልን። ገልብጠን ወዲያው እንመልሳለን። በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት እንፈልጋለን።